የጮራ አራት ግራ ክንፍ

በሽመል ጋራ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሣጥን ዞሮ «አለሁ» ይላል። ሣጥኗም «ተመዝግቧል» ትላለች። ፊት መታጠቡም፣ ቁርሱም፣ ከጎረቤት ጋር መነታረኩም ከዚያ ወዲያ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ «አለሁ» ያላለ ሰው «ሄዷል» ተብሎ ይጻፋል። ቤቱም፣ መሬቱም፣ የክሊኒክ ካርዱም አብረውት ይሄዳሉ። ሕጉ የወጣ ሰሞን ሰው ስቆ ነበር። አሁን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከ«እማ» ቀጥለው የሚሉት እሱን ነው።

ይህ «አለሁ» ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጮራ አራት በሚባል አንድ ሳተላይት በኩል ነው። ጮራ አራት አሁን የሽመል ጋራን ሰው ድምፅ ብቻ ተሸክሞ ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ይኖራል። የቀረው አገር ወደ አዲሶቹ ሳተላይቶች ከተዛወረ ቆይቷል። አዲሶቹ ወደዚህ ቆላ አይመለከቱም፤ የሰዉ ቁጥር አያዋጣም ተብሏል። የሽፋን ባለሥልጣን ደንብ ደግሞ አጭር ነው፦ ሽፋን የሌለበት ቦታ ነዋሪ የለበትም። ማዶ ያለችው ቀይ ውሃ ከሰባት ዓመት በፊት ሳተላይቷ ሲሞት ሕዝቧ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሰፈራ ሕንጻ ተወሰደ። እዚህ ሽመል ጋራ የምትኖረው የአንጓች ታናሽ እህት ብርቄ ከነሱ አንዷ ናት። ዕድሜ ልኳን ሰሊጥ ስትዘራ የኖረች ሴት፣ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በጣሳ የተከለቻትን ሦስት እግር ቃሪያ ትኮተኩታለች።

አንጓች ዳኛቸው የሽመል ጋራ ምድር ጣቢያ ዘበኛ ናት። ዘበኛ ይበሏት እንጂ ጠመንጃ የላትም። ሥራዋ የጮራ አራትን ጤና በየሰዓቱ ማንበብና መመዝገብ ነው። እዚህ ከመቀጠሯ በፊት ሠላሳ ዓመት በካቻቢቴና በፒንሳ የውሃ ፓምፕ ሶላር ስትጠግን ኖራለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል፤ ምላሷ አልታመመም።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ከባለሥልጣኑ መልእክት መጣ። «ጮራ አራት፦ የግራ ክንፍ የፓነል ረድፎች ተቃጥለዋል። አማካይ ኃይል ከመቶ ስልሳ ስድስት። ጥር ሠላሳ ከአገልግሎት ይሰናበታል። ነዋሪዎች ንብረታቸውን ያዘጋጁ። መጓጓዣ ይቀርባል።» አንጓች ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጓጓዣ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ብርቄን የወሰደው መኪና ታያት፤ ፍራሹ፣ ምጣዱ፣ ከላይ ደግሞ ታስረው የሚጮሁት ዶሮዎች።

በማግስቱ ጎረቤቷ አረፉና ለቀብር ሄደች። እንግዲህ በሽመል ጋራ ጣራ ላይ ያለ ፓነል ሁሉ የሚዞረው በእጅ ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ እኩለ ቀን ወደ ላይ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ። በየደጁ ለዚህ የሚሆን ረጅም ዘንግ ቆሟል፤ የረሳ ሰው ካለ ከማዶ «ኧረ ፓነልሽን!» ተብሎ ይጮህበታል። በቀብር ቀን ግን ፓነሉ በማለዳ ወደ ላይ ተደርጎ ይተዋል፤ የሚያዞርም የሚጮህም የለም፤ ሁሉም ለቅሶ ቤት ነው። አንጓች ከለቅሶ ስትመለስ የቤቷን ቆጣሪ አየችው። የዕለቱ መስመር ጠዋት ዝቅ ብሎ፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ብሎ፣ ከሰዓት ተመልሶ ወርዷል። ሁሌ ለቅሶ በሄደች ቀን እንዲህ ነው። ጫማዋን ቀይራ ወደ ጣቢያው ሄደች፣ የጮራ አራትን የዕለት ወረቀት ዘረጋች፣ ከዚያም ቆማ ቀረች።

ያው ሻኛ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ሃያ አምፔር፤ ከንጋት ጀምሮ ወደ ላይ፤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አርባ፣ ማለትም ሙሉ፣ እንደ ጤነኛ፤ ከዚያ ወደ ታች። የትናንቱም፣ የከትናንት ወዲያውም እንደዚያው።

«ወይ ጉድ! ይሄ እኮ ለቅሶ የሄደ ቤት ነው» አለች ለራሷ።

በባለሥልጣኑ ቢሮ የጮራ አራት ጉዳይ የተሰጠው ኢዮስያስ ለሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ ስልክ ሲያነሳ ሁልጊዜ ጤንነት ይጠይቃል። አንጓች ደወለችለት።

«ክንፉ አልተቃጠለም። የተቃጠለ ረድፍ ስድስት ሰዓት ላይ ይድናል እንዴ?»

«ወይዘሮ አንጓች፣ አማካዩ እኮ ስልሳ ስድስት ነው።»

«አማካዩን ተወውና ሰዓት በሰዓት እየው። እዚያ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም፤ የቀኙ ክንፍ ሌት ተቀን ተከትሏት ይዞራል። የግራው ባለበት ቆሟል፤ ፀሐይ ራሷ ስትመጣለት ብቻ ነው የሚበላው። ፓነሉ ደህና ነው፤ ማዞሪያው ተይዟል። ግራሶው ረግቶ ይሆናል። የፓምፕ ሞተር ሁሌ እንዲህ ያደርጋል። ይሞቅና ወደ ኋላ ወደ ፊት ገፋ ገፋ ሲደረግ ይለቃል።»

ኢዮስያስ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማታል። «ሥርዓቱ የሚያየው አማካዩን ነው። ባለሥልጣኑ ያጸደቀውም አማካዩን ነው።»

«አንተስ ምን ይታይሃል?»

«እኔማ... የምሠራው በሥርዓቱ ነው፣ ወይዘሮ አንጓች።»

ደሟ ፈላ። ስልኩን ዘግታ የጣቢያውን ደንብ አወጣችና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ የምትፈልገውን አገኘች። ባትሪው ከመቶ ዘጠና ሲሞላ የጣቢያው ዘበኛ ማንንም ሳያስፈቅድ ክንፍ ማላቀቂያ ትእዛዝ መላክ ይችላል። ከዘጠና በታች ከሆነ ግን ሳተላይቱ ራሱ ትእዛዙን አይቀበልም። የጮራ አራት ባትሪ ደግሞ ስልሳ ስምንት ላይ ነው፤ የተሞላውን ያህል ሰው ሲያወራበት ይውላል። አገልግሎቱን ማቋረጥ ለማንም አልተፈቀደም፤ ያስከስሳል። አንጓች መነጽሯን አወለቀች። ማቋረጥ ነው የተከለከለው። አለመጠቀምን የከለከለ ገጽ የለም።

ይህን ይዛ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ አቶ አዝመራው ሄደች። አዝመራው ቀና ሰው ነው፤ ችግሩ አብዝቶ ማገዙ ነው። ከተማው ሁሉ ጠዋት ጠዋት «አለሁ» ከማለት በቀር ስልክ እንዳይደውል፣ ምስል እንዳይልክ፣ ዘፈን እንዳይከፍት ተባለ። የክሊኒኩ መስመር ብቻ ክፍት ይቆያል። ሰው እሺ አለ። መጾም ለማን ይገዳል? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቅበታል።

በሦስተኛው ቀን ባትሪው ስልሳ ስምንት የነበረው ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ።

አንጓች ዓይኗን ማመን አቃታት። የጥሪውን ዝርዝር ብታወጣው ምን ብታይ ጥሩ ነው! አዝመራው ሰዉ ዝም ማለቱን ለማረጋገጥ በየቤቱ ሲደውል ሰንብቷል። «እየደወላችሁ አይደለም አይደል?» «ኧረ በፍጹም!» «ጎሽ!» ይህም ከነሰላምታው ነው፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ያ ያመማችሁ ወገብ እንዴት ሆነ፣ እየተባለ። ሴቱም እርስ በርሱ ይደዋወል ነበር። «እቴ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ዘንድ አልደወልኩም፤ አንቺስ?» «እኔም!» ሽመል ጋራ ከተመሠረተች ጀምሮ እንደዚያ ሦስት ቀን ስልክ ተደውሎ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ሰው በእድሩ ድንኳን ተሰበሰበ። አንጓች መሃል ላይ ቆመች።

«እናንተ ሰዎች፣ ዝም በሉ ለመባባል ትጮሃላችሁ? ምን ልሁን እኔ?»

አዝመራው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። ሌላውም መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቁርጡን ነገረቻቸው። የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ከእንግዲህ የሚያዋጣው ድፍን ጸጥታ ብቻ ነው፤ «አለሁ»ንም ጨምሮ፣ አራት ቀን ሙሉ። «አለሁ» የሰውን መልክ ጭኖ ስለሚሄድ ከሁሉ ይልቅ ኃይል የሚበላው እሱ ነው።

«አራት ቀን?» አለ አዝመራው። «በሦስተኛው ቀን እኮ የለንም ማለት ነው!»

«በመዝገብ ነዋ።»

«መሬቱስ በመዝገብ አይደለም?»

እውነቱን ነው። እሷም ፈርታለች። ያልተሳካ እንደሆነ መኪናው ጥር ሠላሳን አይጠብቅም፤ በማግስቱ ይመጣል፤ ያስመጣችውም እሷ ትሆናለች።

«እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥም ጥር ሠላሳ የለንም» አለች በመጨረሻ። «እነሱ ከሚያጠፉን በገዛ እጃችን እንጥፋና በገዛ እጃችን እንመለስ። ሽፋኑ ከተረፈ መሬቱ ላይ ተገኝቶ አለሁ ያለ ሰው እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ መሬቱም የሱ ነው። ብርቄን አይታችኋል። ቃሪያ ነው የምታርሰው። እኔ እዚያ ፎቅ ላይ አልወጣም። የምትወጡ ካላችሁ ዛሬውኑ ተነሱ፤ የምትቀሩ ከኔ ጋር ዝም በሉ።»

ከወደ ኋላ ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ናቸው፤ ስልክ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ግን ጡሩንባቸው አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ለአንዲት ሣጥን አለሁ አለሁ ስል ኖርኩ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ እሰየው ብላኝ አታውቅም። አራት ቀን ብኮርፋት ምን ትለኛለች? መልእክት የፈለገ ሰው ወደኔ ይምጣ፤ እኔ እነፋለሁ።» ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሲስቅ ደግሞ እጁ ይነሳል፤ እየተሳቀ ድንኳኑ በሙሉ እጁን አነሳ። አዝመራውም በመጨረሻ አነሳ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ጸጥታው መጀመሩን ለማብሰር ረጅም ጡሩንባ ነፉ። ከተማው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቱ እያለቀሰ ወጣ።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ያስነፋዎታል!»

እዚያው መንገድ ላይ ተመካከሩና ሦስት ጊዜ ሲነፋ ለቀብር፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ለሌላ ለሌላው እንዲሆን ተስማሙ። ማክሰኞ ልጇን የምትድር ሴት ዕድምተኞቿን በአንድ ጊዜ ጡሩንባ ጠራች፤ ሁሉም መጡ፤ ሁለቱ ብቻ ነጠላ አዘቅዝቀው።

በየቤቱ ሣጥኖቹ በፎጣ ተሸፈኑ፤ ሰው ከልማዱ የተነሳ አፉን ሲከፍት ፎጣውን አይቶ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ሣጥኖቹ ግን ከፎጣው ሥር መናገራቸውን አልተዉም። ሰኞ «አሉ?» አሉ። ማክሰኞ «ሁለተኛ ቀን። አሉ?» አሉ። ረቡዕ «ሦስተኛ ቀን። አሉ?» ሲሉ እናቶች የልጆቻቸውን አፍ ይዘው ቆሙ። ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ በሽመል ጋራ ያሉ ሣጥኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ «መልካም ጉዞ» አሉ። አንጓች ደጇ ላይ ተቀምጣ ከግራም ከቀኝም ሰማችው። ቆይቶ ከአንዱ ግቢ አንዲት ሴት «የት አባትሽ ነው የምንሄደው?» ብላ ስትመልስ ተሰማ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ኢዮስያስ በመኪና ደረሰ። ከኋላው ሁለት ባዶ ጭነት መኪናዎች ይከተሉታል። እጁ ላይ ያለችው ሰሌዳ «ሽመል ጋራ፦ ነዋሪ ዜሮ» ትላለች። መንገዱ ግን በሰው ተሞልቷል፤ ሰው በዘንግ ፓነሉን ያዞራል፣ አህያ ይነዳል፣ ቆሞ ያየዋል። አንዲት ሴት በረሃውን አቋርጦ መምጣቱን አይታ በጣሳ ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ፣ አመሰገነ። ከዚያ በሩ የሚታሸግበትን ማሸጊያ ይዞ ወደ ጣቢያው ገባ።

አንጓች መቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጣለች። ባትሪው ሰማንያ ዘጠኝ ይላል።

«ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ አንጓች? ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፤ ተቀመጥ፣ ልጄ። ጥቂት ቀርቶኛል።»

«አዝናለሁ፣ ጣቢያውን ልዘጋ ነው የመጣሁት። በመዝገብ እዚህ ማንም የለም።»

«ውሃውን ማን ሰጠህ ታዲያ?»

ጣሳው እስካሁን እጁ ላይ ነው። ተመለከተውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «በመዝገብ እርስዎም የሉም። የሌለ ሰው ትእዛዝ መላክ አይችልም።»

«ከሌለሁ ማንን ነው የምትከለክለው? በል ጻፍ። ማንን ከለከልኩ ብለህ ነው የምትጽፈው?»

ኢዮስያስ ሰሌዳውን ከፈተ፤ የስም ቦታው ላይ ስሟን ጻፈ። ሰሌዳዋ «እንዲህ ያለ ነዋሪ የለም» አለችና ስሙን አጠፋችው። እንደገና ጻፈ፤ እንደገና አጠፋችው። በዚህ መሃል ባትሪው ዘጠና ገባ፤ አንጓችም ቁልፉን ተጫነች።

ማሞቂያው ክንፉ ሥር ያለውን ሞተር አሥር ደቂቃ አሞቀው። ከዚያ የመጀመሪያው ግፊት ሄደ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ ክንፉን አልፋ እየሄደች ነው። የአምፔሩ መርፌ ሠላሳ አራት ላይ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ሆነ። አልለቀቀም።

«ሰማንያ ሰባት» አለ ኢዮስያስ የባትሪውን እያየ፤ ማንም አንብብ አላለውም። «አንዴ የተቀበለውን ትእዛዝ የሚሠራው እስከ ሰማንያ አምስት ነው፤ ከዚያ ይቆልፋል።»

«አውቃለሁ።»

ሁለተኛው ግፊት ሄደ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። የጣቢያው መስኮት ላይ ፊቶች ተደርድረዋል፤ አዝመራው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዟል። አንጓች ሠላሳ ዓመት ፓምፕ ስትጠግን ሞተሩን ትዳስሰው ነበር፤ ያለቅሳል፣ ይሞቃል፣ ልልቀቅ ሲል ያስታውቃል። ይሄኛው ሰማይ ላይ ነው፤ አይዳሰስም።

«አንድ ግፊት ነው የቀረዎት» አለ ኢዮስያስ። ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት በሰዓት አየው። «ወደ ኋላ ብቻ ያስረዝሙት። ሞተሩ የቆመው ወደ ፊት ሲሄድ ነው። የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል።»

ዞራ አየችው። ከዚያ ወደ ፊት የሚለውን አጠፋች፤ ወደ ኋላ የሚለውን እስከ ጥግ አስረዝማ ተጫነች።

ሠላሳ። ሃያ ዘጠኝ። ባትሪው ሰማንያ አምስት ሆኖ ሁሉንም ቁልፍ ዘጋው። ከእንግዲህ የሚደረግ የለም። ሃያ ዘጠኝ። ፀሐይዋ መውረዷን አልተወችም፤ መርፌው ግን ሃያ ዘጠኝ ነው። አሁንም ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።

«ከፍ አለ!» አለ ኢዮስያስ።

«ዝም በል!» አለች አንጓች። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሰባት። ክንፉ ጀርባውን ሰጥቶ የተዋትን ፀሐይ ዞሮ ሲያገኛት መርፌው አርባ ላይ ቆመ፤ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሙሉ አርባ! ያን ጊዜ አንጓች ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፤ ማንም ቢያያት ግድ አልሰጣትም። ደጅ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ እንድሪስ ከደስታ የተነሳ ሦስት ጊዜ ነፉና ግማሹን ከተማ መልሰው አስደነገጡት።

ኢዮስያስ ማሸጊያውን እንዳልተፈታ ኪሱ ከተተው። «ከነገ ጀምሮ አማካዩ መቶ ይሆናል፤ ስንብቱ ይሰረዛል። ጭነት መኪናዎቹን ግን ባዶ መልሼ ምን ልበል?» አለ።

«የሚጫን ሰው አላገኘሁም በላቸው። መዝገባችሁም እንደዚያው ነው የሚለው።»

በማግስቱ ጠዋት አንጓች ፎጣውን ከሣጥኗ ላይ ገፈፈች። ሣጥኗ ወዲያው «አዲስ ሰው። አሉ?» አለች። አንጓች አልመለሰችላትም። ፊቷን ታጠበች። ዘንጉን ይዛ ወጥታ ፓነሏን ወደ ምሥራቅ አዞረች፤ ቁርሷንም በላች። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄዳ የሌሊቱን ወረቀት ዘረጋች፤ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። እስክሪብቶዋን አነሳችና መዝገቡ ላይ «ጮራ አራት፦ አለ» ብላ ጻፈች።

«ተመዝግቧል» አለች ወደ ጣራው ቀና ብላ። «አሁን ደግሞ አንተ እኔን መዝግበኝ። አለሁ።»